እማዬ ጀርመን ላይ ጫማዋን አወለቀች

ዛሬ ጠዋት ትሪር በምትባል የጀርመን ከተማ እናቴ ጫማዋን አውልቃ ሮማውያን የሠሩትን የከተማ በር ተሳለመች። ከኋላዋ የነበሩት ቱሪስቶችም ደንቡ መስሏቸው ጫማቸውን አወለቁ።

ይቺ ሴትዮ እኮ ከትናንት ወዲያ ከምንኖርበት ከሚኒሶታ ስንነሳ፣ ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት፣ ሴኪዩሪቲው ጫማሽን አውልቂ ሲላት "ለምኑ? ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?" ብላ ሰልፉን ያስቆመች ናት።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ የሮማ ወታደሮች ይጠብቁት የነበረ በር ነው" አልኳት።

"ዝም በል! እኔ ይታወቀኛል" አለችኝ፣ ግንባሯን የበሩ ጥቁር ድንጋይ ላይ እንዳስደገፈች።

እየተሳቀቅኩ አስጎብኚያችን ጋ ሄድኩ። "ሶሪ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን መስሏት ነው።"

ሰውየው በካልሲ የተሰለፈውን ሕዝብ አየ። "አልተሳሳቱም። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ገና ልነግራችሁ ነበር" አለና ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ መፍታት ጀመረ። (አንዱ ካልሲው ቀዳዳ ነው።)

ጫማ እንዳደረግኩ እኔ ብቻ ቀረሁ።

እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ሚኒሶታ ያሳደገው!" አለች።

እናንተስ፣ እናታችሁን ላርም ብላችሁ እንዲህ ለብቻችሁ ቆማችሁ የቀራችሁበት ቀን የለም? ጻፉልኝ እስቲ፤ እኔ ማሰሪያዬን ልፍታ።