ከጉድቡ ማዶ ያለ ደጅ

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ለወንድሜ አደራ ሰጥቼ፣ ከባለቤቴ ከምሕረት ጋር ከሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ ወደ ሼኮ ተሳፈርን። ምክንያታችን አዲሱ ቤታችን ነው። ቤቱ ካለቀ ሰነበተ፤ ምሕረት ግን «አባቴ ሳይጸልይበት አልገባም» ብላለች። አባቷ አቶ ደስታ ደግሞ ከሠርጋችን ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኛ ወገን ነው። መንደራቸውን በጥንት ዘመን የተቆፈረ ጥልቅ ጉድብ ይከበዋል፤ በአገሩ ልማድ ልጅ ለትዳር የሚጠየቀው ያንን ጉድብ ተሻግሮ ነው። ከወልቂጤ ድረስ ለሽምግልና የመጡት አጎቶቼ ግን ጭቃውን ፈርተው፣ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ቁጭ ብለው አባትየውን አስጠሩ። አቶ ደስታ ልጃቸውን አልከለከሉም። «የእኔን ደጅ ያላየ ሰው፣ የእሱን ደጅ አላይም» አሉ፤ በቃ።

ሼኮ ከተማ

ሚኒባሱ በደኑ መሃል እየተጠማዘዘ አደረሰን። ረዳቱ ጭኔ ላይ ለያዝኩት ባልዲ የሰው ሒሳብ ካልከፈልክ እያለ እስክንወርድ ነዘነዘኝ። ቁርሳችን የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ነበር። ያቀረበችልን ሴት ባልዲውን አየችው።

«ምንድነው እሱ?»

«ለአማቼ ማር ነው። ከሚዛን ገበያ ገዝቼ።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ወይ ጉድ! ማሩ እኮ ወደዚያ የሄደው ከዚሁ ነው!»

ዳገቱ

በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በበቀለው ቡና መሃል ሽቅብ ወጣን። ሱቅ ተቀምጦ የደለበ ሰው ዳገት ምን እንደሚያደርገው አልናገርም። ምሕረት እንደ ፍየል እየዘለለች ትቀድመኛለች።

ጉድቡ ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ ወደ ታች አየሁ። ሁለት ሰው ቢደራረብ ይውጣል፤ ግድግዳው ሽበት የመሰለ ሣር አብቅሏል። «አያቶቻችን ሰው ለባርነት የሚፈነግሉትን ለመከላከል በእንጨት ነው የቆፈሩት» አለች ምሕረት። መሻገሪያው አንድ እርጥብ ግንድ ነው። ባልዲዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ እንደ በቅሎ ተፈናጥጬ፣ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ተሻገርኩ።

ማዶ ላይ አማቼና ጎረቤቶቻቸው ረጅም ዛፍ ሥር ቆመው ቀፎ በገመድ ሽቅብ ይስባሉ። ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። መልስ የለም። አንገታቸውንም አላዞሩ።

ምሕረት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ቀፎ ሲሰቀል ሰላምታ አይሰጥም። መጀመሪያ ገመዱን ያዝ!»

ከአማቼ ኋላ ገብቼ ያዝኩ። ስቤ ስቤ መዳፌ ተላጠ። ቀፎው ቅርንጫፉ ላይ ሲያርፍ ሰዉ ሁሉ እልል አለ፤ እኔም አብሬ ጮህኩ። ያን ጊዜ አማቼ ዞር ብለው የተላጠውን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መጣህ ልጄ?»

«መጣሁ አባባ።»

ቤታቸው በቡና ቅጠል፣ በዝንጅብልና በቃሪያ የተፈላ ጨሞ አጠጡኝ፤ ያቃጥላል፣ ያበረታል። ማሬን ቀመሱና ለጎረቤቶቻቸው አሳዩ። «የእኛው ማር ነው! ከተማ አይቶ፣ አማች ይዞልን መጣ!» ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ የሰቀልነው ቀፎ የእኔ መሆኑን ነገሩኝ፤ ባለ ቀፎ ደግሞ እንግዳ አይባልም።

ሚዛን ተፈሪ

እሑድ አማቼን ይዘን ሦስት ሆነን ተመለስን። በደስታ ብዛት መንገዱ አጠረብኝ። ያገር ሰው ደጅ በእግር ካልተሄደ እንደማይከፈት ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው።

ከአዲሱ ቤታችን ፊት የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ድልድይ ይሆነን ዘንድ ሳንቃ አጋድመንበታል። አማቼ ሳንቃው ጋ ደረሱና ቆሙ። ምሕረት እጇን ዘረጋችላቸው፤ አልያዙም። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ፤ ሳንቃው ላይ እንደ በቅሎ ተፈናጠጡና እየተንፏቀቁ ተሻገሩ።

ደጃፋችን ላይ ሱሪያቸውን አራገፉ። «በል ክፈት» አሉኝ፣ «እንጸልይ።»