መሪው የነበረበት ጎን

የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጠቃለል ምን ይሆናል? ፍልስፍና ሳስተምር ለዚህ ጥያቄ መልስ አላጣም ነበር፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ያ ሁሉ መልስ አይጥመኝም። ጥያቄው በመጣ ቁጥር ፊቴ የሚደቀነው ጎረቤቴ መሓሪ ነው።

መሓሪ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። አገሪቱ ከባሕር ስትርቅ እሱም ከምጽዋ ወደ ፒያሳ መጣና ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ለባለሱቆችና ለጉሊት ነጋዴዎች የሸራ ጥላ እየሰፋ ኖረ። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅ አልነበረውም። የነበረው ግቢያችን ነው፤ አራት በር፣ አንድ ቧንቧ።

ከባሕር ይዞት የመጣው ቃላት ነው። እንግሊዞች የመርከብን ነገር የሚጠሩበት ስም ከየት እንደመጣ ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ እንዳጣራለት የሚልከውም እኔን ነበር።

«ካፒቴኑን ስኪፐር የሚሉት ከሆላንዶች ወስደው ነው» አለ አንድ እሑድ፣ ልብስ ለምታሰጣው ለጎረቤታችን ለረይሀና። «ወለሉንም ዴክ ያሉት ከእነሱው ነው። አድሚራል ግን ከዐረብ ነው፤ አዛዥ ለማለት አሚር ከሚሉት።»

«ታዲያ አዛዡ የእኛ ነዋ፣ ጋሽ መሓሪ። እስከ ዛሬ ለምን ደበቁኝ? ከአሁን ወዲያ ቧንቧው ላይ ወረፋ አልይዝም።»

«ድሮስ መች ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

በግራ በኩል የሚኖረው መምህር ሚልክያስ ከውስጥ ሆኖ ሳቀ።

የመርከብ ቀኝ ጎን ስታርቦርድ ይባላል። ጥንት መርከቡ የሚመራበት መቅዘፊያ የሚንጠለጠለው በቀኝ በኩል ስለነበር፣ የመሪው ጎን ማለት ነው። መሪው ወደ ኋላ ከተዛወረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። መሓሪ የረይሀናን በር ስታርቦርድ ብሎ ሰየመው። በሩ በስተቀኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ስኳር በሽታ ነበረበትና ጠዋት ጠዋት የምታንኳኳለት እሷ ናት፤ መልስ ከዘገየባት መስኮቱን ገፍታ ትገባለች።

«እየው» ይለኝ ነበር፣ «እነዚህ ቃላት ሁሉ ስደተኞች ናቸው። አብረው ተሳፈሩና አንድ ቋንቋ ሆኑ።»

እኔ ደግሞ፣ ሰውን ዘመድ የሚያደርገው ደም ነው ወይስ አብሮ መሳፈር እያልኩ አስብ ነበር። ዛሬም አስባለሁ።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ፤ ምትክ ቤት በዕጣ እንደሚሰጠንም ተነገረን። መሓሪ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደ።

«አራታችንንም አንድ ሕንጻ ላይ አድርጉን» አለው መስኮቱ ጋ ላለው ወጣት። «ፎቁ የትም ይሁን።»

«ዘመድ ናችሁ አባት?»

«አይደለንም።»

«እንግዲያ ዕጣ ነው። ዕጣ ጎረቤት አያውቅም።» ወጣቱ ይህን ሲል ቀና ብሎ አላየንም፤ የከፋ ልጅ አይመስለኝም።

አራታችንም አራት ቦታ ደረሰን። ረይሀና በየቀኑ ትደውልለት ነበር፤ ስልክ ግን መስኮት ገፍቶ አይገባም። መሓሪ በአዲሱ ቤቱ አንድ ክረምት ከረመ። ማረፉ የተሰማው በማግስቱ ነው።

ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ጽሕፈት ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደን ነበር። ያን ዕለት ጥያቄውን ቀንሶት ነበር፦ «አራታችን ይቅር። እኔንና ረይሀናን ብቻ፤ ጎን ለጎን ባይሆን እንኳ ላይና ታች።»

እሱም አልተፈቀደለትም።