ሮዝ አልሆንም ያለው ውሃ

ዛሬ ክፍል ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀለሜን አልለውጥም አለኝ።

ማርቆስ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የዛሬው ርዕስ በፈር ነበር፤ አሲድ ሲጨመርበት ፒኤቹ ቶሎ የማይወርድ ፈሳሽ ማለት ነው። አስቀድሜ ግን ተራ ውሃ እንዴት ቶሎ እንደሚሸነፍ ላሳያቸው ፈለግሁ።

የላቦራቶሪያችን የተጣራ ውሃ ስላለቀ እናንየ የምትባል ተማሪዬን የዝናብ ውሃ አምጪ ብያት ነበር። ውሃው ላይ የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ ጨመርንበት፤ አሲድ ሲነካው ሮዝ የሚሆን ነው።

አንድ ጠብታ አሲድ ጣል አደረግሁ። ደገምኩት። ውሃው እንደ ምሽት ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል።

እናንየ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ በማርያም ይተዉት! ጀሪካን ተምታቶብኝ ነው። ለእናቴ ያስመጣሁት ጠበል ነው!»

(ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ለዚህ የሚሆን የጥንቃቄ ምልክት የለም።)

ጀሪካኑ ውስጥ የተረፈውን ለእናቷ እንድትወስድ መለስኩላት። እንደዚህ ጠበል ከዓለት የሚወጣ ውሃ ባይካርቦኔት እንደሚይዝ፣ አሲዱን የዋጠውም እሱ እንደሆነ አስረዳሁ። ባይካርቦኔቱ በግማሽ ወደ ካርቦኒክ አሲድ ሲለወጥ ፒኤቹ ስድስት ነጥብ አራት ገደማ እንደሚሆንም አብረን አሰላን።

እናንየ አልጻፈችም። «ቲቸር፣ የእናቴን ሕመምስ እንዲህ ይውጥላት ይሆን?» አለችኝ።

ደወል ተደወለ። ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ ስለማይደፋ፣ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ ትተነው ወጣን።

ተማሪ ጠይቋችሁ በቀመር መመለስ ያቃታችሁ ነገር ካለ እስቲ ጻፉልኝ። ነገ እናንየ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች።