አገኘሁሽ ውሃውን የለቀቀች ዕለት

አገኘሁሽን ተቀምጣ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረን። ሠርግ ቤት ብትጠራ ዳሱ ውስጥ አትገኝም፤ ከጓሮ ሽንኩርት ስትከትፍ ወይም የማታውቃቸውን ሴቶች እሳት አነዳድ ስታርም ትገኛለች። ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ፣ እህል የቀመሰውን ሰው ሳህን ከእጁ ተቀብላ ሳታጥብ አትመለስም። ባሏ እንግዳው በሕይወት ሳለ፣ «እግዜር ይችን ሴት ሲፈጥራት መቀመጫ ረስቶባት ነው» እያለ ይስቅባት ነበር። እሷም አትቀየመውም። ለመቀየምም ቆም ማለት ያስፈልጋል።

እንግዳው ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። አንድ ልጃቸው አንበሳሜ ተድራ ሄዳለች። ለአገኘሁሽ የቀራት ርብ ወንዝ ዳር ያለ አንድ ጥማድ መሬት ነው። በፎገራ ሜዳ ሴት ሁሉን ትሠራለች፤ ትኮተኩታለች፣ ታርማለች፣ ሩዝ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ለምን ብለህ ብትጠይቅ መልስ የሚሰጥህ የለም፤ «አይ እንግዲህ» ብለው ያልፉሃል። ስለዚህ ባል የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች፣ አራሹም ምርቱን ለሁለት ይካፈላታል። አገኘሁሽም ለዋርሳዋ ለባየህ፣ ለባሏ ታናሽ ወንድም ሰጠች።

ባየህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰነፍ ነው። ሰነፍ ደግሞ ከክፉ ይብሳል፤ ክፉውን ትሸሸዋለህ፣ ሰነፉ ግን እያሳቀህ ይጨርስሃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አርሶ ሲጨርስ ማረስ ጀመረ፣ ሰው አርሞ ሲጨርስ ማረም ጀመረ። አገኘሁሽ ድንበሩ ላይ ቆማ የገዛ መሬቷን አረም በዓይኗ ስትነቅል ትውል ነበር። አንጀቷ አረረ።

ዘንድሮ ሩዙ እንደታጨደ ሽማግሌ ሰበሰበች።

«መሬቴን ራሴ ልሥራው» አለች።

«በምን ታርሽዋለሽ?» አሏት።

«በመቆፈሪያ።»

ሳቁ። የኪዳነ ምሕረቱ አገልጋይ አባ ይሄይስ ብቻ አልሳቁም። ሲነጋገሩ ውለው አንድ ውል ላይ ደረሱ። አንድ በጋ ትሞክር። ከሆነላት መሬቱ በእጇ ይቆይ፤ ካልሆነላት ለአምስት ዓመት ለባየህ ይሰጥ፣ እሷም ዳግም አፏን እንዳትከፍት። አባ ይሄይስ አንዲት ነገር ጨመሩ፦ ጎርፍ ወይም ሌላ የእግዜር ቁጣ ካጠፋው አይቆጠርባትም፣ ሌላ ዓመት ትሞክራለች፤ በገዛ እጇ ካበላሸችው ግን ይቆጠርባታል። አገኘሁሽ ለሁሉም እሺ አለች። ከጨዋታው ሳይነሱ እሷ መቆፈሪያዋን ይዛ ወጥታለች።

አንድ ጥማድ መሬት በእጅ ቆፈረች። መዳፏ ተላጠ፣ ጠገገ፣ እንደገና ተላጠ። ለኅዳር ማርያም ሰሞን የቲማቲም ችግኝ ተከለች፤ ከርብ በሞተር የሚሳበውን ውሃ በተራዋ እየመራች በየትልሙ አጠጣች። ከተራዋ በፊት ትደርሳለች፣ ተራዋ ካለፈም በኋላ ቦይ ስትጠርግ ትቆያለች። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቲማቲሙ ጉልበቷ ደርሶ፣ ፍሬው ሎሚ አክሎ፣ ገና አረንጓዴ ነበር። ቀድሞ የሳቁት ሰዎች በዚያ በኩል ሲያልፉ ዝም ማለት ጀምረው ነበር። አገኘሁሽ ዝምታቸውን እንደ ምርቃት ትሰማው ነበር፣ አልዋሽም።

ያን ሰሞን ነው እንግዲህ ወረታ ገበያ የወረደችው። ከደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያው ላይ ዘመነ የሚባል ደገኛ ድንች ያወርዳል፤ ከጥንት ደንበኛዋ ነው። በዚያ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርቦ አገኘችው።

«ምነው ዘመነ፣ አሞሃል?»

«አትሳቂ እታለም። አመዳይ ወርዶ ድንቹን ፈጀው። ሲነጋ ነጭ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ፀሐይ ሲነካው ጥቁር ይሆናል። እኛ ብርድ የለመድነው እንኳ እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም። ሰማዩ እንዲህ ከጠራ፣ ነፋሱም እንዲህ ቀጥ ካለ፣ ዛሬ ወደ እናንተም ይወርዳል። እንግዲህ አንች ማድረግ ያለብሽ—»

አገኘሁሽ የለችም። ባጃጅ ውስጥ ገብታለች። ዘመነ ከኋላዋ እጁን እያወዛወዘ ሲጣራ ባጃጁ ከመንገዱ ታጥፏል።

እዚህ ላይ ስለ ፎገራ ሰው አንድ ነገር ልንገርህ። የፎገራ ሰው ብርድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ውሃ ነው። ክረምት ርብ ከአልጋው ይወጣል፣ ከብቱ ወደ ጉብታ ይነዳል፣ ሰውም በጎታው ላይ ሲጨነቅ ያድራል። መከራ ሁሉ የመጣበት በውሃ በኩል ስለሆነ፣ ምንም ይምጣ ምን የዚህ አገር ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቦይ አፍ ነው። ሰብል ቢጫ ከሆነ ውሃ በዝቶበት ነው፤ ልጅ ካሳለው ውሃ ውስጥ ውሎ ነው። ውሃ ብርድ ይጠራል ይላሉ። አገኘሁሽም ብርድ ይመጣል ስትባል ያሰበችው ይኸንኑ ነው፤ ውሃውን ማውጣት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ ሠራ። ትናንትና ያጠጣችውን ትልም ጫፍ ጫፉን ቀደደች፣ ወደ ወንዙ የሚወርድ ማፋሰሻ ቆፈረች፣ የቆመውን ውሃ በእጇ እያፈሰች አወጣች። ላገኘችው ሁሉ «ብርድ ይመጣል፣ ውሃችሁን አውጡ» አለች። ሰው አላመናትም፤ ፎገራ ላይ ምን ብርድ አለ? ከአጠገቧ ባለው የራሱ ማሳ ባየህ ሽንኩርቱን ገና ጠዋት አጠጥቶ ዛፍ ሥር ተጋድሟል።

«ባየህ፣ ውሃህን አውጣ።»

«ነገ አወጣዋለሁ እታለም።»

ሊነጋጋ ሲል ወደ ማሳው ሄደች። ሣሩ ከእግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። ቦዩ ጫፍ ላይ የቀረች ጥቂት ውሃ እንደ መስታወት ረግታለች፤ በጣቷ ብትነካት ተሰበረች። ሃምሳ ዓመት በኖረችበት ሜዳ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ቲማቲሙ ከዳር እስከ ዳር ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነጥቷል። ማማሩ አናደዳት። ፀሐይ ወጣች፤ ቅጠሉ ከነጭ ወደ ጥቁር ተለወጠ፣ እንደ ተቀቀለ ጎመንም ተኛ። ፍሬው እንደ ብርጭቆ ውስጡን አሳየ፤ ስትይዘው ውሃ ሆኖ ፈረሰ።

አላለቀሰችም። ከዳር እስከ ዳር እየሄደች፣ እየተመለሰች፣ እያንዳንዱን ግንድ ነካች። የመጨረሻው ትልም ላይ ስትደርስ ቆመች። ከባየህ ማሳ ጋር የሚዋሰነው አንድ ትልም አረንጓዴ ነው። ጎንበስ ብላ አፈሩን ነካችው፤ የባየህ ውሃ ሰርጎ ገብቶ ርሷል። የሞተው ቲማቲም ሥር ያለውን ነካች፤ ደረቅ ነው። የባየህ ሽንኩርት አንዲት ቅጠል አልጠወለገችም። በዚያው እግሯ ወደ ወረታ ሮጠች።

ዘመነ ገና እንዳያት ገብቶታል።

«አጠጭ ልልሽ ነበር እኮ» አለ። «እርጥብ መሬት የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ ደረቁ ባዶውን ያድራል። አንጀቱ እስኪርስ አጠጥቶ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ገለባ ማጨስ ነው። እስኪደክመኝ ተጣራሁ።»

«ምነው ሮጠህ ብትይዘኝ?»

«አንችን ማን ሮጦ ይይዛል እታለም?» አለ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ደግሞ ከትናንቱ ይብሳል» አላት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። አገኘሁሽ የምትለቅመውም አልቀረላት። ውሃውን እያፈሰች ያወጣችባቸውን እጆቿን እያየች ተመለሰች፤ ሊያስጠሏት ደረሱ።

ከሰዓት በኋላ አባ ይሄይስ ሰዉን ለምህላ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ሰበሰቡ። የመጀመሪያው ሌሊት ያገኘው ወንዙ ዳር ያለውን ዝቅ ያለ መሬት ብቻ ነው፤ የሌላው ሰው ማሳ ገና አልተነካም። ምህላው ሲያበቃ አባ ይሄይስ የአገኘሁሽን ነገር አነሡ።

«ይች ሴት የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች» አሉ። «አመዳይ በዚህ አገር የወረደው በሷ እጅ አይደለም። የእግዜር ቁጣ ነውና ውሉ ለከርሞ ይሻገርላት። ባየህ፣ ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን እላለሁ አባ፤ የእግዜር ነገር ነው» አለ ባየህ። ከልቡ ነው።

ይኸው። አለቀ፤ መሬቱ ተረፈላት። ምንም ማለት አልነበረባትም፤ ዝም ማለት ብቻ።

ያኔ በላይነህ የሚባለው ገበሬ ተነሣ። ከሳቁባት ሁሉ ድምፁ የበለጠው እሱ ነበር። «እንግዲህ ከሷ እንማር» አለ። «አገኘሁሽ ትናንት ውሃ አውጡ ስትለን ናቅናት። እሷም ብቻዋን ስለሆነች ዘገየባት እንጂ ነገሩ ልክ ነው። ዛሬ ሁላችንም ፀሐይ ሳትጠልቅ እናውጣ።» ሰዉ «እውነት ነው» እያለ መነሣት ጀመረ። መቆፈሪያቸውን ከአጥሩ ሥር አነሡ።

አገኘሁሽ መቆፈሪያዎቹን አየች። ትናንት አልሰሟትም፤ ዛሬ ሊሰሟት ሲነሡ ደግሞ ለጥፋት ሆነ። ዝም ብትል ነገ ጠዋት የሁሉም ማሳ እንደሷ ይጠቁራል፣ ማንም ማንን አይወቅስም፣ መሬቷም በእጇ ነው። ይሳቁ እስቲ አሁን የሚል ክፉ ነገር በልቧ ብልጭ አለባት፤ ብልጭ አላለባትም ብል እዋሻለሁ። ቀጥሎ የመጣባት ግን ነጭ ሆኖ ያየችው ቅጠል ነው። ያንን ሌላ ሰው ላይ ማየት አልቻለችም።

«አታውጡ» አለች።

ሰዉ ዘወር አለ።

«ውሃውን ማውጣቴ ነው የገደለው። ደገኛው ሊነግረኝ ሲል ሳልሰማው ሮጬ መጣሁ። እርጥብ መሬት ነው የሚያድነው። ባየህ ባለማውጣቱ ሽንኩርቱ ተረፈ፤ ከሱ ጎን ያለችው የኔ ትልምም በሱ ውሃ ነው የዳነችው። ሂዱ ተመልከቱ። አሁኑኑ አጠጡ፣ ገለባ አጭሱ።» ወደ አባ ይሄይስ ዞረች። «አባ፣ የእግዜር ቁጣ ያሉት ልክ አይደለም። በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት።»

አባ ይሄይስ አንገታቸውን ደፉ። አስተምረው ያሳደጉት ሕዝብ ፊት «በገዛ እጇ ካበላሸችው ይቆጠርባታል» ያሉትን መልሰው መዋጥ አልቻሉም።

«አንች ልጅ» አሉ ዝግ ብለው፣ «እንዲያ ካልሽ ውሉ ይጸናል።»

«አውቃለሁ አባ።»

ያን ማታ ሞተሩ ሁሉ ተነሣ፤ ማሳው ሁሉ ጠጣ፤ የሩዝ ገለባ በየድንበሩ ጨሰ። ገለባ ተሸክማ ከሰው ማሳ ወደ ሰው ማሳ ስትሮጥ ያመሸችው ማን እንደሆነች አትጠይቀኝ። አመዳዩ እንደተባለው ወረደ። ጠዋት ጫፍ ጫፉ የተለበለበ አልጠፋም፤ ዋናው ሰብል ግን ቆሟል። በላይነህ መንገድ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ሌሎቹም «እግዜር ይስጥሽ» አሏት። ምርቃቱን ተቀበለች፤ አልቆጫትም ግን ማለት ውሸት ነው። ቆጭቷታል። አምስት ዓመት። እዚያ ድንበር ላይ ቆሞ አምስት ዓመት ማየት።

ባየህ በሬዎቹን ይዞ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ የሱ ነገር። አገኘሁሽ ድንበሩ ላይ ቆማ አየችው። እርፉን ሳይጫነው ማረሻው ላይ ላዩን ይቧጥጣል፤ የጠቆረውን ግንድ ሳይነቅል ይዘለዋል። አንድ ጊዜ ዞረ፤ ጠጋ አለች። ሁለተኛ ዞረ፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ሦስተኛውን ሲጀምር ማሳው ውስጥ ገብታለች።

«አምጣው።»

«ምኑን?»

እጇን ከእጁ በላይ እርፉ ላይ አደረገች። ባየህ ሳቀ፤ ፊቷን አየና ሳቁን ተወው። ከትልሙ ወጣ።

«መሬቱ ለእኩል ያንተ ነው፤ ውሉን አልነካሁም» አለች። «እርፉን ማን ይያዝ ግን አልተባለም።»

በሬዎቹ ድምጿን ስላላወቁት ቆሙ፤ ደግማ ስትጮህባቸው ተንቀሳቀሱ። እርፉ ወዲያና ወዲህ ይጥላታል። ማረሻው ሲገባ ጠልቆ ገባ፣ ሲወጣም ጨርሶ ወጣ። የመጀመሪያው ትልሟ ከባየህም የባሰ ጠማማ ነበር፤ እሷም አይታዋለች። መንገዱ ላይ ሰዎች ቆሙ፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ በዙ። ከመካከላቸው በላይነህ ነበረበት፤ አባ ይሄይስም በበቅሎ ሲያልፉ ልጓሙን ሳቡ።

«እታለም፣ ሰው እያየ ነው» አለ ባየህ ቀስ ብሎ።

አገኘሁሽ ዳር ደርሳ በሬዎቹን አዞረች። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ይየው» አለች። «ጅራፉን አቀብለኝ።»

አቀበላት።