የፍስክ መጥበሻ

አባቴ ደህና በነበረ ጊዜ ምግብ ሳይነቅፍ አይበላም ነበር። ሽሮው ቀጠነ፣ ምስሩ አረረ፣ ጨው አነሰው፣ ደግሞ በማግስቱ ጨው በዛው። እናቴ ካረፈች በኋላ ይህ ሁሉ ነቀፋ ወደ እኔ ዞረና፣ ስንት ቀን በንዴት ማማሰያውን ወርውሬ ከማድ ቤት ወጥቻለሁ።

በሰማንያዎቹ ማብቂያ ገደማ ጨጓራው ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። ሐኪሙ በርበሬ የሚባል ነገር እንዳይቀምስ አዘዘ። ነፋስ ስልክ ወደሚገኘው ቤታችን ስንመለስ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። የንስሐ አባቱ መጥተው፣ ለታመመ ሰው ወተትም እንቁላልም ይፈቀዳል ቢሉት፣ "በስተርጅና ሁዳዴን ልሻር?" ብሎ እንቢ አለ። እሺ ያላቸው ሰዓቱን ብቻ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ መቆየቱን ተወ።

እኔም አልጫ በአልጫ ሆንኩ። ድንች አልጫ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን። አንዴ ይጎርስና "ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ሳህኑን ይገፋል። የሚያስፈራኝ ያ "ጥሩ ነው" ነበር። አባቴ ምግብ ጥሩ ነው ካለ መኖር ሰልችቶታል ማለት ነው። ሱሪው አልቆም ቢለው ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት።

ያኔ አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ልጅ እጠብቅ ነበር። ሴትዮዋ ፎሶሊያ ትወዳለች። እኛ ፎሶሊያን ከካሮት ጋር ወይቦ እስኪሞት ድረስ እናበስለዋለን። እሷ ግን የፈላ የጨው ውሃ ውስጥ ትጨምረዋለች፣ ክዳን የለ ምን የለ። ገና ጠንከር እንዳለ ታወጣውና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። ከዚያ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ መጥበሻ ላይ ታገላብጠዋለች፣ አለቀ። አረንጓዴነቱ እንዳለ ነው። መጀመሪያ ቀን ጥሬ መስሎኝ በሆዴ ስቄባታለሁ፤ ኋላ ግን ከልጁ ሳህን የተረፈውን እየጨረስኩ ለመድኩት። በርበሬ የለው፣ ዋጋው ርካሽ፣ ቅቤውን በዘይት ብለውጠው ደግሞ ጾም ነው። እስከዛሬ እንዴት አልታየኝም ብዬ ሥራ በማልገባበት አርብ ጠዋት ከጉሊት ፎሶሊያ ገዛሁ።

ሰፊ መጥበሻ ያስፈልገኝ ነበር። ስፈልግ ስፈልግ አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ አገኘሁና አጥቤ ሠራሁበት። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ቤቱን ሲሞላው አባቴ ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ። ደስ አለኝ። እንደ ሴትዮዋ ትኩሱን ላቀርብ ብዬ ከነመጥበሻው ይዤለት ገባሁ። እሱ ያየው ግን ምግቡን ሳይሆን እጀታውን ነው።

"ይቺ የፍስኳ አይደለችም?"

ክው አልኩ። በቅበላ ማግስት፣ እናቴ ታደርግ እንደነበረው፣ ሥጋና እንቁላል የነካውን ዕቃ ሁሉ ለይቼ እስከ ፋሲካ እንዳይነካ ካርቶን ውስጥ ያሰርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

"አጥቤዋለሁ እኮ አባዬ።"

"እናትሽ ብትኖር እንዲህ አታደርግም ነበር" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። በእሱም፣ በራሴም፣ በመጥበሻውም ተናድጄ ነበር። እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ልብስ ሲያሰጡ ሰምተውኝ ምን ሆንሽ አሉ። ስነግራቸው ያጽናኑኛል ብል፣ "አበስኩ ገበርኩ! በፍስክ መጥበሻ?" ብለው አማተቡ። በሰፈሩ እንደሳቸው ያለ ጿሚ አልነበረም። ቢሆንም ገብተው የጾም መጥበሻቸውን ይዘውልኝ መጡ፤ መጥበሻውን ሰጥተውኝ እንደመሄድም "ዓይኔ እያየ ሥሪው" ብለው ማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ደግነቱ ግማሹን ፎሶሊያ አስተርፌ ነበር። እንደገና ውሃ አፈላሁ። ቶሎ ሳወጣው እትዬ ደነገጡ።

"ይሄ እኮ አልበሰለም! የታመመ ሰው ሣር ልታበዪ ነው?"

"እንዲህ ነው የሚበላው፣ እትዬ።"

"ፈረንጅ ማገዶ ይቆጥባል መሰለኝ" አሉ።

በሳህን አድርገን ስንገባ እትዬ ቀደሙኝና፣ "ጋሼ፣ መጥበሻው የኔ ነው፤ ዘይቱንም ራሴ አሽትቻለሁ" ብለው መሰከሩ። እሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ስላልሞላ አይቀምሱም። ግን በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፉ አቀረቡለት። የጎረቤት ጉርሻ አይመለስምና አፉን ከፈተ።

ከጥርሱ ሥር ሲቆረጠም ይሰማናል። ሁለታችንም አፉን እያየን ቆመናል። አኝኮ አኝኮ ዋጠ። አሁን "ጥሩ ነው" ሊል ነው ብዬ ጨነቀኝ።

"ጨው ያንሰዋል" አለ።

ጆሮዬን አላመንኩም።

"ነጭ ሽንኩርቱም አሯል። እሳት አታብዢ ብዬ ስንቴ ልንገርሽ?" ይህን እያለ እጁን ሰደደና ራሱ ጎረሰ። ደግሞም ደገመ።

እትዬ ተቆጥተው፣ "እንዴ ጋሼ፣ ልጅቷ ደክማ..." ብለው ሲጀምሩ ክንዳቸውን ይዤ ዝም አሰኘኋቸው። ይንቀፍ፤ እስኪጠግብ ይንቀፍ። ጨው ላምጣ ብዬ ማድ ቤት ሮጥኩ። ተመስገን፣ ተመስገን እላለሁ። የጨው ዕቃው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንባዬ ጋርዶኝ መደርደሪያውን እዳብሳለሁ። ደረቴ ላይ ስንት ሳምንት ተጭኖኝ የኖረው ነገር ወርዶልኝ እዚያው ቆሜ እስቃለሁ።

"አንቺ!" ሲል አባቴ ከወዲያ ጮኸ። "ጨው ፍለጋ አፋር ወረድሽ እንዴ? ሊያልቅ ነው እኮ!"