አባት የሆነው በቆሎ

ባለቤቴ የበቆሎ አዳቃይ ነው። እኔ ግን ሥራውን የማየው እንደ ጣውንት ነው። እሸቱ ፀጉር ሳያወጣ የሌላ በቆሎ የአበባ ብናኝ እንዳያርፍበት በወረቀት ከረጢት ይሸፍነዋል፤ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው። የኔን ኮት ግን አንድ ቀን እንኳ ይዞልኝ አያውቅም።

የሚሠራበት የምርምር ጣቢያ መሬት አሲዳማ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ውስጥ የበቆሎ ሥር ያጥርና ደንድኖ ይቀራል። እሱ ያንኑ በቆሎ ከራሱ ጋር እያዳቀለ፣ ደካማውን እየጣለ፣ ከዓመታት በኋላ ሥሩን ወደ ታች የሚሰድ አንድ ዘር አወጣ። ልጃችን "የአባዬ የበኩር ልጅ" ትለዋለች። እኔን አያስቀኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጣቢያው አንዲት ወጣት አዳቃይ ቀጠረ። ከረጢት አስተሳሰሩን ያሳያት እሱ ራሱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እራት ላይ ወሬው ሁሉ እሷ ሆነች፤ እንዲህ አለች፣ እንዲህ ዘራች። አልጋ ላይ ሲገላበጥ ያድራል። ደሜ ፈላ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላደርስለት ነው ብዬ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። አጥሩ ጥግ ቆሞ አፍጥጦ አገኘሁት፤ የሚያየው ግን ልጅቷን ሳይሆን በቆሎዋን ነበር። ኖራ በተነሰነሰበት መደብ ላይ የክንድ ያህል እሸት ታቅፏል። የእሱ እሸት ከመዳፌ አያልፍም። ለካ እንቅልፍ የነሳው ቅናት ነው። እኔም ስቀና የከረምኩት በቀናተኛ ነበር።

የሷ በቆሎ የአፈሩን አሲድ የሚያበርድ ኖራ ከሌለ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። የጣቢያው ኃላፊ ሁለቱን አዳቅሉ አለ፤ እስከ ቀጣዩ ወቅት ለገበሬ የሚሆን ነገር ካላየሁ መሬቱን ለአትክልት ክፍል እሰጣለሁም አለ። ባለቤቴ እምቢ አለ። ሥሩን እኔ ለፍቼ፣ ዝናውን እሷ ልትወስድ ነው ወይ ብሎ ተንገበገበ። እምቢ ካለ ደግሞ ያ ሁሉ ልፋት ከጣቢያው ጓሮ ሳይወጣ መቅረቱ ነው።

ልጅቷ ጫማዋ ጭቃ እንደሆነ ቤታችን መጣች።

"እትዬ፣ ጋሼን ይለምኑልኝ" አለችኝ። "የኔ እሸት ፀጉሩን አውጥቷል። ብናኙ ነገ ካልደረሰው ያልፍበታል።"

የኔ ደጅ ተጠና እንግዲህ! አባርራት ብዬ አስቤ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን አንጀቴን በላችው። ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ጓዳ ወደተደበቀው ባሌ ገባሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ የበኩር ልጅህን ሳትድረው ልታስቀረው ነው?"

በማግስቱ ከበቆሎው አናት ላይ ቢጫውን ብናኝ በከረጢት አራግፎ፣ በሷ እሸት ፀጉር ላይ በገዛ እጁ ነሰነሰው።

በቀጣዩ ወቅት ዲቃላው ኖራ ባልነካው አፈር ላይ ለምልሞ ቆመ። ኃላፊው መሬቱን መንጠቁን ተወ። ከዚያም ዘሩ ለገበሬ እንዲባዛ ሁለቱ ወላጅ በቆሎዎች በሰፊ ማሳ ላይ በየመስመራቸው ጎን ለጎን ተዘሩ። እሸቱ ትልቅ ስለሆነ የሷ እናት ሆነ፣ የእሱ አባት። ዘር የሚለቀመው ከእናቲቱ ብቻ ነው። አባትየው ብናኙን ሰጥቶ ሲጨርስ፣ ዘር እንዳይቀላቀል ገና እርጥብ ሳለ ታጭዶ ለከብት ይሰጣል። የሥራው ደንብ ነው፤ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ሲያስተምር የኖረውም እሱ ነው።

የአጨዳው ቀን የቀን ሠራተኞቹን አላስጠጋም። ማጭዱን ይዞ ገባና የራሱን በቆሎ መስመር በመስመር ጣለው። የሷ እሸቱን እንደታቀፈ ግራና ቀኝ ቆሟል። እጁ ተልጦ ቤት ሲገባ፣ ልጅቷ ምን አለችህ ብዬ ጠየቅኩት።

"አመሰገነችኝ" አለ። "ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።"

ከዚያ አለቀሰ። አባቱን ሲቀብር እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው። እኔም ቤቱን ጥዬ እናቴ ጋ በሄድኩ ጊዜ በር ድረስ ሸኝቶኝ ዓይኑ እርጥብ አልነበረም። ራሱን ደረቴ ላይ አስደግፌ አባበልኩት፤ እያባበልኩትም በዚያ በታጨደ በቆሎ ቀናሁ።