መንገድ የሌለው መዳብ

ለአሥራ አንድ ዓመት ሰው ወደ አትላንታ አየር ማረፊያ ሳመላልስ ኖሬ፣ እኔ ራሴ ተሳፋሪ ሆኜ ሩቅ የሄድኩት በዚያ ሐምሌ ነው። ቫኑን ኢስት ፖይንት ለሚኖረው ጓደኛዬ ለይመር አስረክቤ፣ ባለቤቴ ዘሃራ ወዳለችበት ወደ አላስካ ተነሳሁ።

ዘሃራ አገር ቤት ጂኦሎጂስት ነበረች። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ግን ማሪዬታ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆነች። እኔም «ድንጋዩን ተይውና የነርስ ረዳት ኮርስ ውሰጂ» እያልኩ ስጨቀጭቃት ከረምኩ። እሷ ዝም ብላ ማመልከቻ ስትልክ ቆይታ፣ አንድ የማዕድን ፍለጋ ድርጅት ለሦስት ወር ቀጠራት። ምን እንደምትሠራ በዓይኔ ማየት አማረኝ።

ዓርብ እና ቅዳሜ

ከአትላንታ ሲያትል፣ ከሲያትል ፌርባንክስ። እዚያ አድሬ በማግስቱ ወደ ሰሜን የምትሄድ ዘጠኝ ወንበር ያላት አውሮፕላን ያዝኩ። ፓይለቱ ከነሻንጣዬ እንደ በርበሬ ጆንያ መዘነኝ። ከተነሳን በኋላ በመስኮት ያየሁት ወንዝ፣ ረግረግና ተራራ ብቻ ነው። መንገድ የለ፣ የመብራት ምሰሶ የለ።

ያረፍነው አንዲት ትንሽ መንደር ነው። ሱቋ ውስጥ አንድ ጋሎን ወተት አሥራ ሁለት ዶላር ይሸጣል። ሐበሻ የሚበዛበት የእኛው ክላርክስተን ቢሆን ጠብ ይነሳ ነበር! ዘሃራ በጭቃ ቦቲ ጫማ፣ በሻሿ ላይ የትንኝ መረብ ደርባ ጠበቀችኝ። መጀመሪያ አላወቅኳትም።

በሄሊኮፕተር ካምፓቸው ወሰደችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ከመሬት ሆድ ተሰርስሮ የወጣ፣ እንደ ሸንኮራ አገዳ የረዘመ ድንጋይ በሣጥን ተደርድሯል። አንዱን ውሃ ስታፈስበት ሐምራዊና ወርቃማ ሆኖ አበራ።

«መዳቡ ይሄ ነው» አለች።

«ታዲያ ለምን አያወጡትም?»

«በምን በኩል ይውጣ? ከተገኘ ስንት ዘመኑ፤ መንገድ የለውም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ

ሊሠራ ስለታሰበው መንገድ ለመነጋገር የመንደሩ ሰው ትምህርት ቤት ተሰበሰበ፤ እኛም ከካምፑ መጣን። ዓሣ በማጥመድ የኖሩ አንዲት አሮጊት ተነስተው «ቁፋሮው ሲመጣ ወንዜ ምን ይሆናል?» አሉ።

የዘሃራ አለቃ «ምንም አይሆንም» ብሎ መለሰ።

ሴትዮዋ እሱን አልፈው ወደ ዘሃራ ተመለከቱ። «ድንጋዩን የምታዪው አንቺ ነሽ አሉ። አንቺ ንገሪኝ።»

ዘሃራ ልትነሳ ስትል እጅጌዋን ያዝኩ። «ሥራሽን አስቢ እንጂ!» አልኳት በአማርኛ።

«እሱንማ ነው የማስበው» ብላኝ ቆመች።

«ድንጋዩ ድኝ አለበት» አለቻቸው። «ወጥቶ ዝናብ ሲመታው ውሃውን አሲድ ያደርገዋል፤ ዓሣም ይጎዳል። መከላከያ አለው። እዚህ ይሠራ እንደሆነ ግን ገና አልለካንም። ሳልለካ አይጎዳም ብልዎት ዋሸሁ ማለት ነው።»

የአለቃው ፊት ቀላ። እኔ በሆዴ ሻንጣችንን ማሰር ጀምሬ ነበር። ስንወጣ አሮጊቷ በጋዜጣ የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ይዘው ተከተሉን። «እዚህ መጥቶ ‹አላውቅም› ያለን ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» ብለው አስጨበጧት።

ረቡዕ

አለቃዋ ሁለት ቀን አኮረፋት። በሦስተኛው ቀን የናሙና ጠርሙሶች አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና «በይ፣ ውሃውን ለኪ» አላት። በየጅረቱ ስትወርድ ጠርሙሱን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ውሃው ከበረዶ የወጣ ያህል ይቀዘቅዛል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ያን ዓሣ ስንበላ፣ ስለዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ድሮስ መቼ ሰምቼህ አውቃለሁ?» ብላ ሳቀች።

ቤት

ፓይን ሌክ ያለው ቤታችን በገባሁ ማግስት ይመር ቫኑን ሊመልስልኝ መጣ።

«ኮንትራቷን ሪኒው አደረጉላት?»

«እስካሁን የለም።»

«መዳቡስ?»

«እዚያው ነው።»

«ታዲያ ምን አግኝተህ ነው ፊትህ እንዲህ የበራው?»

ስብሰባውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ለዓመታት አብሬያት እየኖርኩ ሚስቴ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች አላውቅም ነበር። ይመር ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እስቲ ደውልላት» አለኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት።»